ከአሜሪካ የመጡልኝ ብሉሬይ ዲስኮች ግማሾቹ አልከፍት አሉ፤ አዳማ ውስጥ መላ ያለው?

የፍራንኮ ልጅ (ሰኞ፣ ማታ 2:15)

ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው አዳማ ነው። የድሮ ፊልሞችን በብሉሬይ (ከዲቪዲ ቀጥሎ በመጣው፣ ጥራቱ ከፍ ባለው ዲስክ) መሰብሰብ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። አሁን 43 ዲስክ አለኝ። ብዙዎቹን ከዱባይ ዕቃ የሚያመጣ ሰው ነው ያመጣልኝ። ማጫወቻውም ከዚያው የመጣ ነው። እስካሁን አንድም ዲስክ እምቢ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ከቨርጂኒያ በሰው 11 ዲስክ ላከችልኝ። ሻንጣ እንዳይከብድ ብላ ፕላስቲክ ቤታቸውን አስቀርታ፣ የሽፋኑን ወረቀት ብቻ አጣጥፋ አብራ ልካዋለች። ደስታዬን አልነግራችሁም። ግን ስድስቱ አልከፍት አሉ። ቴሌቪዥኑ ላይ «ይህ ዲስክ ለዚህ አካባቢ አልተፈቀደም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ ከዚያ ማጫወቻው ይተፋዋል።

እምቢ ካሉት ውስጥ «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊ» የተባለው የጣሊያኖች የካውቦይ ፊልም አለበት። እሱን ያስመጣሁት ለአባቴ ነው። አባቴ በጎረምሳነቱ እዚሁ ናዝሬት ሲኒማ ገብቶ ነው ያየው። የመጨረሻውን የመቃብር ቦታ ትዕይንት ዛሬም ቡና ላይ በእጁ እየሳለ ይተርከዋል። አንዴ በፍላሽ አስጭኜ አምጥቼለት ነበር። አሥር ደቂቃ አይቶ «ይሄ እኮ እሱ አይደለም» ብሎ ተነሳ። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ የአንድ ዲስክ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ዲስኮቹ ተበላሽተው ነው ወይስ ማጫወቻው? ሌላው ደግሞ፣ ከከፈቱት ውስጥ አንዱ ምስሉ ላይ አሸዋ የተበተነበት ይመስል ሁሌ የሚንቀጠቀጥ ነገር አለው። ባለቤቴ «ፎርጅድ ነው» ብላለች። እውነቷን ነው?

ሰማያዊ ጨረር (ሰኞ፣ ማታ 3:02)

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ዲስኮችህም ደህና ናቸው፤ ማጫወቻህም ደህና ነው። ችግሩ ሪጅን ነው፤ ዲስኩ እንዲከፈት የተፈቀደበት የዓለም ክፍል ማለት ነው።

ብሉሬይ ዓለምን በሦስት ይከፍላል። አሜሪካ፣ ጃፓንና ኮሪያ «ኤ» ውስጥ ናቸው። አውሮፓ፣ አፍሪካ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አውስትራሊያ «ቢ» ናቸው። ህንድ፣ ቻይናና ሩሲያ «ሲ» ውስጥ ገብተዋል። እኛና ዱባይ አንድ ምድብ ነን፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ችግር ያልገጠመህ። በዲቪዲ ጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም። እኛ 5 ነበርን፣ ዱባይ 2።

የአሜሪካ ዲስክ ሁሉ የተቆለፈ አይደለም። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ፊልሙ በመላው ዓለም የራሳቸው ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይቆልፉትም። የሚቆልፉት ትንንሾቹ አሳታሚዎች ናቸው። ክፋት ኖሯቸው አይደለም። ፊልሙን የተከራዩት ለአንድ አገር ብቻ ስለሆነ ውሉ ያስገድዳቸዋል። ክፉ ዕድል ሆኖ የድሮ ፊልም አሳምረው የሚያወጡትም እነሱ ናቸው።

የሽፋኑን ወረቀት ጀርባ እየው። ስድስት ጎን ያላት ትንሽ ምልክት ውስጥ ፊደል ካለ እሱ ነው ሪጅኑ። 4ኬ የሚባለው አዲሱ ዲስክ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው፣ ሪጅን ጭራሽ የለውም። ግን የራሱ ማጫወቻ ይፈልጋል።

ስለ አሸዋው ነገ እጽፍልሃለሁ፤ እሱ በአጭሩ የሚያልቅ ወሬ አይደለም። ለባለቤትህ ግን ፎርጅድ አይደለም በልልኝ።

የፍራንኮ ልጅ (ሰኞ፣ ማታ 3:20)

አየሁት! ስድስቱም «ኤ» ይላሉ። አምስቱ ላይ ግን ሦስቱም ፊደል አለ ወይም ምንም ምልክት የለም። እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ እንደ ድሮው ዲቪዲ በሪሞት ኮድ ማስከፈት አይቻልም?

ሰማያዊ ጨረር (ሰኞ፣ ማታ 3:31)

በጣም ጥቂት ማጫወቻዎች ላይ ይቻላል፤ አብዛኞቹ ላይ አይቻልም። ውስጡን ከፍቶ የሚነካካ ሰው እንዳትሰጥ። ደህናውን ማጫወቻ ታጣለህ። የሚሻለው ከአሜሪካ የተገዛ ሁለተኛ ማጫወቻ መፈለግ ነው።

የሐይቅ ዳር (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:10)

ቆይ ወንድሜ፣ ከአሜሪካ ከማስመጣትህ በፊት እኔን ስማኝ። እኔ ሐዋሳ ነኝ። የእህቴ ባል ማጫወቻ ከአሜሪካ ይዞልኝ መጣ። በዚያው ማታ ልሞክረው ብዬ ዲቫይደሩ ላይ ሰካሁት። ጠሽ አለና የተቃጠለ ሽታ ቤቱን ሞላው። አንድ ፊልም ሳላይበት ሞተ። ጀርባው ላይ «120 ቮልት» ብቻ ነበር የሚለው። የእኛ 220 ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ነው ያዘንኩት።

ስለዚህ መጀመሪያ ጀርባውን ፎቶ አስነስተህ አስልክ። «100-240» ካለ ሳትፈራ ሰካው። 120 ብቻ ካለ ትራንስፎርመር ሳትይዝ አትንካው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ማጫወቻው ከሶኬት ተነቅሎ ይጠብቅ። እኔ አሁን ስታብላይዘር ገዝቻለሁ፤ እንደዚያም ሆኖ እነቅለዋለሁ።

በነገራችን ላይ እኔ ጋ ጠላቱ እርጥበት ነው። የሽፋን ወረቀቶቼ በክረምት ይንቀረፈፋሉ፤ አንዱ ሻግቶብኝ ነበር። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት እየሰበሰብኩ መደርደሪያው ላይ አደርጋለሁ። በጣም ረድቶኛል።

የፍራንኮ ልጅ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:45)

አይዞሽ እህቴ፣ ሳነበው እኔንም አመመኝ። እዚህ ደግሞ አቧራና ሙቀት ነው። ነፋሱ መስኮት ዘግተሽም ይገባል። አንዴ ዲስክ መኪና ውስጥ ረስቼ ከቀትር በኋላ ሳገኘው ጎብጦ ነበር።

ሰማያዊ ጨረር (ማክሰኞ፣ ቀን 7:20)

አቧራውን ስታጠራ በክብ አትጥረግ። ከመሃል ወደ ዳር፣ ቀጥ አድርገህ፣ የመነጽር ጨርቅ በሚመስል ለስላሳ ጨርቅ። ብሉሬይ ከዲቪዲ የሚለየው እዚህ ነው። ዲስኩ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። ዲቪዲ ላይ መረጃው የተጻፈው መሃል ላይ፣ ከላዩ 0.6 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ነው። ብሉሬይ ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ቆዳው ሥር ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጠንካራ ሽፋን ተቀብቶለታል፤ በቀላሉ አይጫርም። አንዴ በጥልቀት ከተጫረ ግን እንደ ዲቪዲ ፈግፍገህ አታድነውም።

ያን ያህል ወደ ላይ የቀረበው ጨረሩ ቀጭን ስለሆነ ነው። የዲቪዲ ጨረር ቀይ ነው፣ 650 ናኖ ሜትር። የብሉሬይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ወይን ጠጅ ነው፣ 405። ቀጭን ብዕር በአንድ ገጽ ላይ ብዙ ይጽፋል አይደል? በአንድ ንብርብር 25 ጊጋ፣ በሁለት 50 የሚይዘው ለዚህ ነው። የእኔም ስም ከዚያ የመጣ ነው።

አሁን ወደ አሸዋው ልምጣ። እሱ ግሬይን ይባላል። ድሮ የሚቀረጸው በፊልም ነው። ፊልሙ ላይ ብርሃን የሚይዙት እጅግ ጥቃቅን የብር ጨው ቅንጣቶች ናቸው። እያንዳንዱ ፍሬም (ነጠላ ምስል) ላይ ቅንጣቶቹ የሚያርፉበት ቦታ ይለያያል። በሰከንድ 24 ፍሬም ሲያልፍ ዓይንህ የሚያየው ያንን መንቀጥቀጥ ነው። ቆሻሻ አይደለም፤ ምስሉ ራሱ የተሠራው ከእሱ ነው። ግሬይኑን ስታጠፋ ምስሉንም ታጠፋለህ።

ይህን የማያምኑ አሳታሚዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 «ፕሬዳተር» የተባለውን ፊልም በአዲስ ብሉሬይ ሲያወጡት ግሬይኑን በኮምፒውተር አጠቡት። የተዋናዮቹ ፊት ሰም የተቀባ አሻንጉሊት መሰለ። የቆዳው ቀዳዳ፣ ላቡ፣ ሁሉም ጠፋ። ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ እንደ መጥፎ ምሳሌ ያነሱታል።

የአባትህ ፊልም ደግሞ ግሬይኑ ከሌላው ይበዛል፤ ስታየው እንዳትደነግጥ። እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሠራ ቴክኒስኮፕ በሚባል ዘዴ ነው የተቀረጸው። በተለምዶ አንድ ፍሬም በፊልሙ ዳርና ዳር ከተደረደሩት ቀዳዳዎች የአራቱን ያህል ቁመት ይይዛል። በቴክኒስኮፕ ሁለት ብቻ ነው። የፊልም ወጪው በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጣሊያኖቹ ወደዱት። ግን ትንሿ ፍሬም ወደ ትልቅ ስክሪን ስትለጠጥ ቅንጣቱም አብሮ ይለጠጣል። ያ ሻካራ የበረሃ መልክ አንዱ ምንጩ ይህ ነው።

ፍላሽ ይበቃል (ማክሰኞ፣ ማታ 1:05)

ሁላችሁንም አከብራለሁ። ግን እውነቱን እንነጋገር። አንድ የተመረጠ ዲስክ 25፣ 30 ዶላር ይሸጣል። በእኛ ብር ሲመነዘር ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በዚያ ገንዘብ የማስጭነው ፊልም ዓመት አይቼ አልጨርሰውም። እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፤ ልጆችም አሉኝ። ፊልም የምወደው እናንተን ያህል ነው። ታሪኩ ያው ከሆነ ዲስኩ ምን ይጨምርልኛል?

ሰማያዊ ጨረር (ማክሰኞ፣ ማታ 1:50)

ተገቢ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ማንም ከልጆቹ ጉሮሮ ነጥቆ ዲስክ አይግዛ። እኔም በወር አንድ ነው የምገዛው፤ አንዳንድ ወር ምንም።

ልዩነቱን ግን በቁጥር ልንገርህ። ፍላሽ ላይ የሚጭኑልህ የሁለት ሰዓት ፊልም 1.5 ጊጋ ነው እንበል። በሰከንድ 1.7 ሜጋ ቢት አይሞላም። ብሉሬይ ላይ ምስሉ ብቻውን በሰከንድ እስከ 40 ሜጋ ቢት መድረስ ይችላል። መጀመሪያ የሚጠፋው ጨለማው ነው። የሌሊት ትዕይንት ላይ ካሬ ካሬ ሲሆን አይተህ የለ? ቀጥሎ የሚጠፋው ግሬይኑ ነው። የፍራንኮ ልጅ አባት «ይሄ እሱ አይደለም» ያሉት ዝም ብለው አይመስለኝም። ዓይናቸው ያወቀው ነገር አለ።

ደግሞ የትኛው ቅጂ እንደተጫነልህ አታውቅም። «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» የሚባል እ.ኤ.አ. የ1968 አስፈሪ ፊልም አለ። በትንሽ ብር ተሠርቶ ዓለምን የዞረ፣ ወዳጆቹ ከልት የሚሉት፣ የራሱ ታማኝ አፍቃሪዎች ያሉት ዓይነት ነው። ሊወጣ ሲል ርዕሱን ቀየሩት። አዲሱ ርዕስ ላይ የባለቤትነት ምልክቱን ማስገባት ተረሳ። በጊዜው የአሜሪካ ሕግ በዚያች ስህተት ብቻ ፊልሙ የማንም ሆነ። ማንም እያባዛ ሸጠው፤ የቅጂ ቅጂ፣ የቅጂ ቅጂ። ለዓመታት ሰው የሚያውቀው ጭቃ የመሰለውን ነበር። በኋላ ካሜራው ውስጥ ካለፈው ከመጀመሪያው ኔጋቲቭ በ4ኬ ጥራት ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2018 በብሉሬይ ሲወጣ እኔ አዲስ ፊልም ያየሁ መሰለኝ። ተዋናዮቹ ዓይን ውስጥ ያለው ፍርሃት የታየኝ ያኔ ነው።

ፍላሽ ይበቃል (ማክሰኞ፣ ማታ 2:10)

ይሄኛውን አላውቅም ነበር። እሺ፣ አንድ ቀን አሳዩኝ። ፍላሼን ግን አልጥልም።

የድሮ ዴክ (ረቡዕ፣ ጠዋት 4:30)

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን ከትናንት ጀምሮ ሳነብ ነው የቆየሁት። እኔ ናዝሬት ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። አንድ ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክና ስምንት አግዳሚ ወንበር ነበረን። ጠዋት ብሩስ ሊ፣ ከሰዓት ህንድ። ህንዱ ሲደረግ በር ላይ ግፊያ ነበር።

«ሾሌ»ን አስታውሳለሁ። ያንን ካሴት ስንት መቶ ጊዜ እንዳጫወትኩት ፈጣሪ ይወቀው። መጨረሻ ላይ ካሴቱ በረዶ መዝነብ ጀመረ፤ ሰው ግን አይሄድም። የሚገርመው፣ እኛ ያየነው መጨረሻ የመጀመሪያው አይደለም አሉ። በመጀመሪያው ላይ ወንበዴውን ያ እጁ የተቆረጠው ሰው ራሱ ይገድለዋል፤ ሳንሱር ነው ፖሊስ ደርሶ እንዲይዘው ያስቀየረው። ይህን የሰማሁት ከልጄ ነው። ያኔ ለደንበኞቼ ብነግራቸው ኖሮ ቤቱ ይፈርስ ነበር።

ግን አንድ ነገር ሆዴን በላው። የጣሊያኑን የካውቦይ ፊልም ከእናቱ ኔጋቲቭ እንደ አዲስ ያወጡታል። የህንዱንም እንዲሁ። የእኛስ? እኔ ቤት ካርቶን ሙሉ የአማርኛ ድራማና ፊልም በቪዲዮ ካሴት አለ። እነሱስ በዚህ በምትሉት ብሉሬይ ሊጠሩ ይችላሉ?

ሰማያዊ ጨረር (ረቡዕ፣ ቀን 6:40)

ጋሼ፣ እንኳን መጡልን። ጥያቄዎ ከባድ ነው፤ እውነቱን ልንገርዎት።

ጥራቱ ያለው በተቀረጸበት ነገር ላይ ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀረጸ ሥራ ኔጋቲቩ በደህና ከተቀመጠ ከ60 ዓመት በኋላም በ4ኬ ይነበባል። በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸ ግን ከዚያ ካሴት በላይ ሌላ እናት የለውም። ፓል በሚባለው በእኛ የቴሌቪዥን ሥርዓት ምስሉ 576 መስመር ነው፤ ቪኤችኤስ የሚባለው የቤት ቪዲዮ ካሴት ደግሞ ዝርዝሩን ከዚያም ይቀንሳል። ብሉሬይ 1080 ነው። የሌለውን መስመር ከየትም አናመጣም። እ.ኤ.አ. የ1966ቱ ፊልም ከእኛ የ1995 ዓ.ም. የቪዲዮ ፊልም ጠርቶ የሚታየው ለዚህ ነው።

በፊልም የተቀረጹ የእኛም አሉ። በ1957 ዓ.ም. የተሠራው «ሂሩት አባቷ ማን ነው» አለ። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1974 እዚሁ አገር ውስጥ በ16 ሚሊ ሜትር፣ በጥቁርና ነጭ የቀረጸው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አለ። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ገበሬዎቹ ራሳቸው ተውነውበታል። ያኔ ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ነበር የቀራቸው። እኔ የምመኘው እንዲህ ያለውን ፊልም ከአማርኛ ማብራሪያ መጽሔት ጋር በዲስክ አሳትሞ የሚያስቀምጥልን ሰው ነው።

የእርስዎ ካሴቶች ግን ዋጋ የላቸውም ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒውን ነው የምለው። «ሜትሮፖሊስ» የተባለው እ.ኤ.አ. የ1927 የጀርመን ፊልም ከመጀመሪያው ምረቃ በኋላ ተቆራርጦ ሩብ ያህሉ ጠፍቶ ነበር። 80 ዓመት ተፈለገ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቦነስ አይረስ፣ አንድ የሲኒማ ሙዚየም ውስጥ የጠፋው አብዛኛው ተገኘ። የተገኘው በ16 ሚሊ ሜትር የተገለበጠ፣ ከዳር እስከ ዳር የተጫረ ቅጂ ነው። አዳሾቹ ጭረቱን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አልቻሉም፤ እንዳለ አስገቡት። ብሉሬዩ ላይ እነዚያ ቦታዎች ሲመጡ ዝናብ ይዘንባል። እኔ ከፊልሙ ሁሉ የምወዳቸው እነሱን ነው። ያ የተጫረ ቅጂ ባይቀመጥ ኖሮ እነዚያ ቦታዎች ዛሬ አይኖሩም ነበር።

ምናልባት ከእርስዎ ካርቶን ውስጥ ሌላ የትም የሌለ ካሴት ይኖራል። ሙቀት ይጎዳዋል። ቶሎ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ አለበት።

የሐይቅ ዳር (ረቡዕ፣ ቀን 7:05)

ጋሼ፣ እባክዎ ካርቶኑን ከመሬት ላይ ያንሱት። ካሴቶቹን እንደ መጽሐፍ ቀጥ አድርገው ያቁሟቸው። ሻጋታ ያለበት ካለ ዴክ ውስጥ እንዳያስገቡት፤ ሄዱን (ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል) ያበላሽና ወደ ሌላውም ካሴት ይዛመታል።

የድሮ ዴክ (ረቡዕ፣ ማታ 12:50)

እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ። አሁኑኑ አንስቼ አልጋዬ ራስጌ አደረግኩት። 38 ናቸው። ዴኩ ግን ቺንጊያው ላልቶ ካሴት አያዞርም።

የፍራንኮ ልጅ (እሑድ፣ ማታ 4:40)

ቤተሰብ፣ ተከፈተ!

እንዴት መሰላችሁ። ሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት አለ። ልጁን አወራሁት። አንዱ ፒኤስ 4 ወንድሙ ከአሜሪካ ያመጣለት ነው። ፕሌይስቴሽን የተሸጠበትን አገር ሪጅን ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ይሄኛው «ኤ» ነው። ጀርባውን አነበብኩ፤ 220 ይችላል። (የሐይቅ ዳር፣ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው።) የመጀመሪያውን ዲስክ ስናስገባ ኢንተርኔት አገናኙኝ አለ። ብሉሬይ ለመክፈት አንድ ጊዜ ብቻ መገናኘት አለበት። የስልኬን ዳታ ከፍቼ አገናኘሁት። ስድስቱም ሠሩ። ልጁ ዛሬ እሑድን እስከ ማታ አከራየኝ።

አባቴን አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ቡና አፈላች። ፍላሽ ይበቃልም መጥቶ ነበር፤ ጎረቤት መሆናችንን ያወቅነው ትናንት ነው። ፊልሙ ሲጀመር አባቴ ምንም አላለም። የመጀመሪያው ፊት ስክሪኑን ሲሞላው ወደ ፊት ጠጋ አለ። ላቡ፣ ጥርሱ፣ የተሰነጠቀ ከንፈሩ ሁሉ ይታያል። ግሬይኑም አለ። «አቧራው» አለ አባቴ። «አቧራው እንዲህ ነበር።»

ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መቃብሩ ጋ ደረሰ። መብራት እንዳይሄድ ስጸልይ ነበር። አልሄደም። አባቴ በእጁ መሳሉን ትቶ ዝም ብሎ አየ። ሲያልቅ ከሲኒማው ሲወጡ አብሮት የነበረውን ጓደኛውን ስም ጠራ። ስሙን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

ሰማያዊ ጨረር፣ ባለቤቴ ፎርጅድ ያለችውን አንስታለች፤ ሰላም በልልኝ ብላለች።

ጋሼ፣ አባቴ የእርስዎን ቪዲዮ ቤት ያውቀዋል። ዴክ ጠጋኝ ፖስታ ቤት አካባቢ አግኝቻለሁ፤ ቺንጊያውን እሠራለሁ ብሏል። ካሴት ወደ ኮምፒውተር የምታስገባዋን ዕቃ ደግሞ ፍላሽ ይበቃል አለኝ ብሏል። መቼ ይመችዎታል?

ፍላሽ ይበቃል (እሑድ፣ ማታ 4:55)

አለችኝ። የልጆቼን የልደት ካሴት የገለበጥኩባት ነች። ላፕቶፑንም ይዤ እመጣለሁ።

የድሮ ዴክ (ሰኞ፣ ጠዋት 12:30)

ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ ኑ፤ አባትህንም ይዘኸው ና። ዴኩን አርብ ለጠጋኙ አደርሳለሁ። ካሴቶቹ ላይ የጻፍኩት ስም ስለደበዘዘ ከአሁኑ መነጽሬን አድርጌ በወረቀት እየመዘገብኳቸው ነው። 17 ላይ ደርሻለሁ።